ድገም ያልሁህ እኔ ነኝ

ገዳሪፍ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኣስገዶም፣

ሰላምታዬ ኡም ጋርጉር ድረስ ይድረስህ። እህትህ፣ ልጆቿ፣ ጎረቤቶችህ ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ካንተ ኩርፊያ በስተቀር የጎደለብን ነገር የለም። አሥራ ሰባት ጊዜ ደወልሁልህ። አሥራ ስድስቱን ጊዜ ስልክህ ዝግ ነው፤ አንዴ ከፍተህ ድምፄን ስትሰማ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ድምፄን ካልፈለግህ እንግዲህ የእጅ ጽሑፌን ቻለው። ደብዳቤ ከጻፍሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛልና ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ። ኧረ እንዲያውም ሳቅ፤ ከሳቅህልኝ ግማሹ ሥራዬ አለቀ።

የጻፍሁልህ ሁለት ነገር ልነግርህ ነው። አንዱ የምሥራች ነው፤ ልጄ ሂያም ልታገባ ነው። ሐሙስ የካቲት 13፣ ረመዳን ሳይገባ። ከዓስር ሶላት በኋላ መድረካችሁ የሆነው ሎሪ ግቢያችን ውስጥ ይቆማል፤ አንተም ክራርህን ይዘህ ላዩ ላይ ትወጣለህ ብለን አስበናል። ሁለተኛው ኑዛዜ ነው። ኑዛዜውን መጀመሪያ ብጽፈው ወረቀቱን ቀደህ ትጥለዋለህ ብዬ ስለምፈራ ትንሽ ላጫውትህ። አንተስ ብትሆን ስትጫወት እንዲሁ አይደለህ? ዋናው ዜማ ላይ ለመድረስ ስንት አገር ታዞረናለህ።

በኅዳር የሆነውን ሳላነሣ ባልፍ ግን ሽሽት ይሆንብኛል። የዚያ የእህል ነጋዴ ልጅ ሠርግ ላይ ነበርን። አንተ ክራሩን፣ ሉጥፊ ከበሮውን፣ አያ ሶፎኒያስ አኮርዲዮኑን ይዛችሁ እንደ ልማዳችሁ ሎሪው ላይ ናችሁ። ዘፈኑ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል፤ ሥጋው ቀዝቅዟል፤ የሉጥፊ መዳፍ ተልጧል። አሁንስ ሊያልቅ ነው ስንል ሁለት የሙሽራው አጎቶች እንደ ሱዳን ወግ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ጣታቸውን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ፣ «አብሽር! አብሽር!» እያሉ ወደ አንተ መጡ። አንተም እንደ ሁልጊዜው አንገትህን ሰበር አድርገህ «እሺ» አልህና ዘፈኑን ከራሱ ጀመርህ። ሉጥፊ ከበሮውን ትቶ ብድግ አለ።

«ያ ዞል!» አለህ፣ ድምፅ ማጉያው አፉ ሥር እንዳለ ረስቶ። «ማን ድገም አለህ? ‹ደስ ብሎናል፣ አለንልህ› ማለታቸው ነው እኮ! ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ድገም ብሎህ አያውቅም!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንተ ሉጥፊን ዞር ብለህ አይተህ «ድገም ማለት አይደለም እንዴ?» ብለህ ጠየቅኸው፤ ያን ጊዜ ሳቁ ባሰ። «ማን ነው እንዲህ ብሎ የነገረህ?» አለህ።  ክራርህን ከረጢቷ ውስጥ አስገብተህ ከሎሪው ወረድህ፤ በአጠገቤ ስታልፍ ቀና ብለህም አላየኸኝ። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍረህ እህትህ ዘንድ ገባህ። ክራሯን አልጋ ሥር ከተታት፣ አንድ ቀን እንኳ አላወጣትም የሚል ወሬ ደርሶናል። ሦስት ወር ሊሞላህ ነው።

ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርሁ። ለምን እንደሳቅሁ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሠርጉን ነገር ልንመክር ሱቄ ውስጥ ተሰበሰብን። ሱቋን ታውቃታለህ፤ ከበርበሬና ከሽሮ ጆንያ በቀር መቀመጫ የላትም። ዓለምነው ሎሪውን በር ላይ አቁሞ ገባ። ከጎኔ ፉል ቤት ያላት ለተገብርኤል የድስት ክዳን በእጇ እንደያዘች መጣች፤ ሂያምም ነበረች። «ኣስገዶም ስልክ አያነሣም» አልኋቸው። 

የሙሽራው ወገኖች ዲጄ እናመጣለን ብለዋል፤ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ያለው፣ መብራቱ የሚሽከረከር። እኔማ ልጅ አይደለች፣ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ሂያም ግን ምን አለች መሰለህ?

«ዩማ፣ ዲጄ ማ ዳይራ! አልፈልግም። ዓሞ ኣስገዶም ካልመጣ ኻላስ፣ ዝም ብለን እንበላለን፣ እንበተናለን።»

«ሰው ለቅሶ ቤት ይመስለዋል» አልኋት።

«ይምሰለው!» አለች። ግትርነቷ የአባቷ ነው፤ ከእኔ አልወረሰችም።

ዓለምነው ራሱን ነቀነቀ። «ያ ሰውዬ የወድ ኤል ሒለው ከተማን ሠርግ ረስቶት ነው እንጂ እንዲህ አይጨክንም ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ የሠርጉ ምክር ቀረ፤ ማን የትኛውን ቀን እንዳየ ወሬው ፈላ።

ወድ ኤል ሒለውን አንተ ከላይ ሆነህ ነው ያየኸው፤ ዓለምነው ግን ከመሪው ኋላ ሆኖ ነው ያየው፤ ስለዚህ በእሱ አፍ ስማው። ኸሪፍ፣ የክረምት ጊዜ ነው። ዝናቡ ዋልካውን አቡክቶታል፤ ከተማዋ ልትታይ ትንሽ ሲቀር ሎሪው እስከ ጎማው ግማሽ ሰጠመ። ሠርገኛው ሲጠብቅ ቢውል ጊዜ አርባ ያህል ወንድ ገመድ ይዞ ሊጎትታችሁ ወጣ። አንተ «ሰው ሲለፋ እጄን አጣጥፌ አላይም» ብለህ ክራሯን አወጣህ። ሉጥፊ ተከተለህ፤ አያ ሶፎኒያስም አኮርዲዮኑን ጭቃ እንዳይነካበት አንገቱ ላይ ሰቅሎ ገባበት። ጎታቾቹ በከበሮው ልክ መሳብ ጀመሩ።

«እንግዲህ ሎሪው ወጣ» አለ ዓለምነው። «ወጥቷል! ደረቁን ይዟል! ‹ልቀቁ!› ብዬ ብጮኽ ማን ይስማኝ? ዘፈኑ ጥሟቸው ይጎትታሉ። በገበያው መሃል አለፍን። ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ሙሽራው ከዳሱ ወጥቶ እሱም ገመዱን ያዘ። ፍሬን ባልይዝ ኖሮ ወንዙ ውስጥ ገብተን ነበር። በሕይወቴ ሞተር ሳላስነሣ ከተማ የገባሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አሁንም ነዳጅ ጠፋ ሲሉኝ ያቺው ቀን ትዝ ትለኛለች።»

ለተገብርኤል የድስቱን ክዳን ጆንያው ላይ ደለቀችበት። «አንተ የነዳጅ ነገር ታወራለህ! የእኛው የኡም ጋርጉሩ ነው የሚወራ። ያን ጊዜ እዚያው የስደተኞች ካምፕ ነበርሁ። የተማሪዎች ምርቃት ቀን ነው፤ ፀሐይ ገና አልበረደችም። ሰው እስከ ውኃ መቅጃው ድረስ ሞልቷል። በመሃል ጀነሬተሩ ቀጥ አለ። የክራሩ ድምፅ ጠፋ፤ ከኋላ ያለው ሰው ይጮኻል፤ ያፏጫል። ኣስገዶም ግን አላቆመም። ጣቱ ሲሄድ ይታያል። ከፊት ያሉት ወደ ኋላ ዞረው ‹ዝም በሉ› አሉ፤ እነዚያም ከኋላቸው ያሉትን ‹ዝም በሉ› አሉ። ዝምታው እየሄደ እየሄደ እኔ ጋ ሲደርስ አየሁት። ብሓቂ፣ በዓይኔ አየሁት።»

«ከዚያ ሆነሽ ክራሩ ተሰማሽ?» አላት ዓለምነው።

«እውነት ልናገር? አልተሰማኝም። ከፊቴ የቆሙት ሰዎች ትከሻቸው እንዴት እንደሚሄድ እያየሁ ነው የሰማሁት። ጀሪካኔን እንደተሸከምሁ ቆሜ ቀረሁ፤ አንገቴ ሦስት ቀን አልዞር አለኝ። ደግሞ ጀነሬተሩ በራሱ ጊዜ ሲነሣ ሕዝቡ ምን ብሎ ጮኸ መሰላችሁ? ‹አጥፉት!›»

እንዴት እንደሳቅን! ከዚያ ክርክር ተነሣ። ዓለምነው የወድ ኤል ሒለዋ ዘፈን ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀች ይላል፤ ለተገብርኤል የኡም ጋርጉሯ ከሦስት ሰዓት በላይ ናት፤ ጥላዬ ከአንዱ ድንኳን ተነሥቶ ሦስተኛው ድንኳን ሲደርስ አይቻለሁ ትላለች። ሁለቱም ይምላሉ። ሁለታችሁም የምታወሩት ስለዚያችው ስለ አንዷ ዘፈን ነው ብላቸው አልሰሙኝም። አንዴ ስትጫወታት ሐዘን ትመስላለች፤ አንዴ ትሮጣለች፤ አንዴ ደግሞ የምትቀልድ ትመስላለች። ሰው ያንኑ ዘፈን ሰምቶ ሁለት የተለያየ ዘፈን ሰማሁ ብሎ የሚጣላው በእናንተ ብቻ ነው።

በዚህ መሃል በርበሬ ልትገዛ የገባች ሴት ነበረች። ሰውዳ ትባላለች፤ ካርቱም የተወለደች ያገራችን ልጅ፣ መምህርት ናት፤ በጦርነቱ ተፈናቅላ እዚህ ገዳሪፍ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከነልጆቿ ብዙ ወር ተቀምጣለች። በርበሬዋን ይዛ ቆማ ቆማ «ይቅርታ፣ የምታወሩት ስለ ሎሪ ባንድ ነው?» አለችን።

«ታውቂያቸዋለሽ?» አልኋት።

«አንድ ቀን እኛ የምንተኛበት ትምህርት ቤት ግቢ ሎሪያቸውን ይዘው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ረጅም ጊዜ ተጫወቱ። እኔ ለከበሮ መቺው ውኃ ሳቀብለው የዘፈኑ ስም ማን ነው አልሁት። ‹ገና አላለቀችም፤ ስታልቅ ስም እናወጣላታለን› አለኝ።» ሳቅ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ ሞላ። «ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ነገ የሚባል ነገር አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ይቺ ዘፈን ካላለቀች ነገም አለ አልሁ። ልጆቼን ገላቸውን ያጠብኋቸው ያን ቀን ነው። እንዴት ነው ግን ዘፈኑ እንዲህ የሚረዝመው?»

ለተገብርኤል ሳቋን ይዛ «ሰው እያበሸረለት፣ እሱ ድገም ያሉት እየመሰለው ነው አሉ» አለቻት። «ማን እንዲህ ብሎ እንዳሳሳተው ግን እስካሁን አልታወቀም።»

ኣስገዶም ወንድሜ፣ አባቶች እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔዋ እውነት ሃያ አራት ዓመት ፈጀባት። የሽሮውን ማንኪያ አስቀመጥሁና «እኔ ነኝ» አልሁ።

ለእነሱ የነገርኋቸውን ለአንተም ልንገርህ። ዶካ ከተማ ነው፤ ኅዳር 1993። የሰሊጡ አጨዳ አልቆ ነጋዴዎቹ ገበያው መሃል ድግስ ደግሰዋል። እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሙሐመድኑር ሰሊጥ ሊገዛ ሲመጣ ተከትዬው ነው የመጣሁት። አንተ ከሑመራ ከተሻገርህ ሁለት ወርህ ነው፤ ከ«ሰላም» በቀር ዓረብኛ አታውቅም። ከዓለምነው ሎሪ ላይ ሰሊጡ ወረደና እናንተ ወጣችሁ። ድምፅ ማጉያውን ከሎሪው ባትሪ ጋር አያያዛችሁት። ከሉጥፊ ጋር የተዋወቃችሁት ያን ቀን ጠዋት ነው።

አባቴን ታስታውሰዋለህ፤ አላህ ይርሐመውና ዘፈን አይጠላም፣ ነገር ግን ልጁ ዘፈን ቤት ቆማ እንድትታይ አይወድም። «ይቺ ዘፈን ስታልቅ እንሄዳለን» አለኝ። የአባቴ ቃል ቃል ነው። ዘንጉን ይዞ፣ ኩታውን ትከሻው ላይ ጥሎ ተዘጋጅቷል። እኔ ግን ክራርህን ስሰማ ምን እንደሆንሁ አላውቅም። ከዚያ በፊት ዘፈን ሰምቼ አላውቅም አልልህም። እንደዚያ ግን ሆዴ ውስጥ ገብቶ ዕቃዬን ሁሉ ቦታ ቦታውን ሲያስይዝልኝ አላውቅም። እንዲያልቅብኝ አልፈለግሁም። ይኸው ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ለእናንተ ውኃ ላቀብል ሎሪው ሥር ቆሜያለሁ። አንድ ጎረምሳ እጁን ዘርግቶ፣ ጣቱን ቀጭ ቀጭ እያደረገ፣ «አብሽር!» ብሎ እፊትህ ቆመ። ፊትህ ተለወጠ። ጎንበስ ብለህ በአማርኛ «እህቴ፣ ምን እያለኝ ነው? ውረድ ነው? አጠፋሁ እንዴ?» አልኸኝ።

እኔ የገዳሪፍ ልጅ ነኝ። አብሽር ምን ማለት እንደሆነ ዳዴ ሳልል ጀምሮ አውቃለሁ። እውነቱን ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር። ቀና ስል አባቴ ኩታውን እያራገፈ ተነሥቷል።

«ድገም እያለህ ነው» አልሁህ።

«በሙሉ?»

«ከራሱ ጀምር።»

አንተም ጀመርህ። ያንኑ መልሶ መጫወት ግን አሳፈረህ መሰለኝ፣ ዜማውን ወደማላውቀው ቦታ ይዘኸው ሄድህ። ሉጥፊ በዓረብኛ እየተሳደበ ተከተለህ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ሌላው ሰው መጥቶ አበሸረልህ፤ አንተ ወደ እኔ ታያለህ፣ እኔ በራሴ «አዎ» እልሃለሁ። አባቴ አራት ጊዜ ተነሣ፣ አራት ጊዜ ተቀመጠ። ቃሉን አያጥፍ፣ ዘፈኑ አላለቀ። በአምስተኛው ጫማውን አወለቀ። «ይቺ ዘፈን ግን መቼም አታልቅም ኖሯል?» ሲል ሰማሁት፤ ዞር ብዬ ባየው እግሩ መሬት እየመታ ነው። አባቴ በእግሩ ሲጫወት ያየሁት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

መጀመሪያ ያበሸረልህ ጎረምሳ እስማኤል ነበር፤ የሂያም አባት። በመጀመሪያው ዙር አንተን ነው ያየው። በሦስተኛው እኔን አየኝ። በአምስተኛው የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠይቆ ጨርሶ ነበር። ዘፈኑ በወጉ አልቆ ቢሆን ኖሮ እኔ ወደ ገዳሪፍ፣ እሱ ወደ ሥራው፤ ሂያም የምትባል ልጅ በምድር ላይ አትኖርም ነበር።

ታዲያ ለምን ኋላ አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። መጀመሪያ አካባቢ ጨዋታ መስሎኝ ነው። ቆይቶ ግን «ሎሪ ባንድ ዘፈን ሲጀምር ራት ቋጥረህ ሂድ» መባል ተጀመረ፤ ሰው ከከሰላ ድረስ ይመጣ ጀመር። ጎረምሳው ሁሉ ጣቱን እያጮኸ በመጣ ቁጥር አንተ አንገትህን ሰብረህ «እሺ» ስትል ሳይ ሳቄ ይመጣል፣ ደግሞም ይቆጠቁጠኛል። እውነቱን ካወቀ እንደ ሌላው ዘፋኝ አምስት ደቂቃ ተጫውቶ ይወርዳል ብዬ ፈራሁ። ለራሴ ብዬ ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። ደስታዬን ከአንተ አለማወቅ ላይ ስቀዳ ኖርሁ።

በኅዳሩ ሠርግ ሉጥፊ «ማን ነው የነገረህ?» ሲልህ የሳቅሁት ከድንጋጤ ነው። አንተ ማን እንደነገረህ አልረሳህም፤ አውቃለሁ አልረሳህም። ጣትህን ወደ እኔ ብትቀስር ኖሮ ሳቁ ሁሉ ወደ እኔ ይዞር ነበር። ስሜን አልጠራህም። ያ ሁሉ ሰው እየሳቀብህ እኔን ሸፍነህ ወረድህ። በአጠገቤ ስታልፍ ያላየኸኝም፣ ሰው ዓይንህን ተከትሎ እንዳያገኘኝ ብለህ ይመስለኛል።  ይቅር በለኝ፣ ኣስገዶም። ከልቤ ነው የምለምንህ።

እንዲህ ብዬ ስጨርስ መጀመሪያ የተናገረ ዓለምነው ነው። «እንኳን ዋሸሽ!» አለና ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። ለተገብርኤል በክዳኑ ትከሻዬን መታችኝ፤ «አንቺ ሌባ! ለእኛም ነው የሰረቅሽልን እኮ» አለች። ሂያም ወደ እኔ ቀረብ ብላ «ዩማ፣ ያን ቀን እውነቱን ብትነግሪው እኔ የለሁም ማለት ነው?» አለችኝ።

«የለሽም።»

«ዓጂብ!» አለች፤ ደግማ ደጋግማ «ዓጂብ!»

ከበሩ በኩል ማስነጠስ ሰማን። ዘወር ስንል ሉጥፊ ቆሟል። ለካስ ከወድ ኤል ሒለው ወሬ ጀምሮ ቆሞ ሲያዳምጥ ኖሯል። ገብቶ ከበርበሬው ጆንያ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ።

«ሃያ አራት ዓመት መዳፌን ያስላጥሽኝ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

መዳፉን ገልብጦ አየው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሱም ሦስት ወር ሙሉ የራሱን አፍ ሲረግም እንደከረመ ፊቱ ይናገራል። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልህ።

«ስሚ ራሒማ፣ ከበሮ ካቆመ ዘፈን ይቆማል። እጄን ባነሣ በማንኛውም ቀን ያልቅ ነበር። እጄን አንሥቼ አላውቅም። እሱ ወደ አዲስ ቦታ ሲሄድ ወዴት እንደሚወስደኝ ለማየት እጓጓለሁ። አንድም ሰው ድገም ብሎህ አያውቅም ያልሁት ውሸት ነው። እኔ በየሐፍላው፣ በየድግሱ፣ በከበሮዬ እለው ነበር። ያን ቀን ራበኝ፣ መዳፌ አመመኝ፣ በሰው ፊት ወንድሜን አዋረድሁ።»

ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። ልንከተለው ስንል ዓለምነው «ተዉት» አለን። አያ ሶፎኒያስ ኋላ እንደነገረኝ ሉጥፊ በቀጥታ እሱ ቤት ሄዶ የአኮርዲዮኑን የተቀደደ ቆዳ ሲሰፋ ዋለ።

ኣስገዶም፣ በዚያ ሠርግ የሰማኸው ሳቅ ልብህን እንደሰበረው ይገባኛል። ሃያ አራት ዓመት ሰው የታገሠኝ እንጂ የወደደኝ አልነበረም ብለህ ደምድመሃል አሉ። እህትህ ለለተገብርኤል ነግራታለች። እስቲ አስበው፤ ሰው አንድ ቀን ሊታገሥ ይችላል። ከዋልካ የወጣ ሎሪ በገበያ መሃል እየጎተተ የሚታገሥ ሰው ግን አላየሁም። ጀሪካን ተሸክሞ ሦስት ሰዓት የሚቆም ታጋሽ አላየሁም። እኔ የዋሸሁህ የአንዲት ቃል ትርጉም ነው። ከዚያ ወዲያ የተጫወትኸውን ሁሉ ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ያንን ማንም አልዋሸህም፣ ማንም ሊዋሽህም አይችልም። ስታበሸርልህ የኖረችው አገር ደስ ብሏት ነበር። ደስ ማለት ከድገም ያንሳል እንዴ?

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍሁት ትእዛዝ ተቀብዬ ነው። ዓለምነው «ድገም» በይልኝ ብሏል። ለተገብርኤል «ድገሞ» ብላለች፣ በራሷ ቋንቋ እንዲጻፍ አስምላኛለች። ሰውዳ መምህርቷ በሠርጉ ቀን ልጆቿን ይዛ እመጣለሁ ብላ ቀጠሮ ይዛለች፤ የዘፈኑ ስም ወጣለት ወይ ብላለች። ሂያም የዲጄውን ሰው በራሷ ስልክ ደውላ አትምጣ ብላዋለች። እንግዲህ ካልመጣህ የልጄ ሠርግ ድምፅ አልባ ነው፤ ይህን የምልህ ላስፈራራህ አይደለም፣ በእርግጥም እንደዚያ ስለሆነ ነው። እኔ ግን ከሠርጉም በላይ የምፈራው ሌላ ነው። በአንድ ውሸት ለዓለም የሰጠሁትን ክራር በዚያው ውሸት መልሼ እንዳልቀማው ነው። ተቆጥተህብኝ ና። ሳታናግረኝም ና። ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ጀርባህን ባይም ይበቃኛል።

ሎሪው ነገ በጠዋት ከዚህ ይነሣል። የሚነዳው ዓለምነው ነው፤ ይህን ወረቀት በእጁ ይዞ በርህን የሚያንኳኳው ግን ሉጥፊ ነው። ማንም አልላከው፤ ራሱ ነው «እኔ አደርሰዋለሁ» ያለው። መልስ ይዤ እመለሳለሁ ሲለን፣ መልስ አንፈልግም ሰውዬውን ይዘህ ና አልነው። በር ላይ ብዙ አታቁመው፤ ከዓርብ ጀምሮ ምን እንደሚልህ ሲለማመድ ነው የከረመው፣ አንተን ሲያይ ግን ሁሉም እንደሚጠፋበት አውቃለሁ። ከጠፋበት አንተ ጀምርለት፤ መከተል ያውቅበታል።

ይቅርታህን የምትጠብቅ እህትህ፣
ራሒማ ሙሐመድኑር